ስህተት ስለ በዛበት የተሸለመው ባልደረባዬ

ለተከበሩ የልደት መዝገብ ቤታችን ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ ምንጣፍዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። እኔ የልደት መረጃ በሚቀመጥበት በምድር ቤቱ የካሴት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ ከጉንፋኑ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ልክ እንደ እኔ መረጃ ካሴት ላይ ለሚጽፈው ባልደረባዬ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ብለው የምስክር ወረቀት ሲሰጡ እኔም አጨብጭቤያለሁ። እውነቱን ተናገሪ ካሉኝ ግን ቅናት አንጀቴን አሳርሮታል፤ ቤቴ ገብቼ እራት እምቢ ስል ባለቤቴ ማን እንደ ሞተ ጠይቆኛል። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ባልደረባዬ የተሸለመው በዓመት አርባ ሺህ ስህተት አርሟል ተብሎ ነው። ጌታዬ፣ እሱ አንድም አላረመም። ማሽኑ መረጃውን ካሴት ላይ ሲጽፍ ትርፍ ምልክቶች አብሮ ይጽፋል፤ ሲያነብ የተበላሸ ካገኘ በእነሱ ራሱ ያስተካክልና ያስተካከለውን ስህተት ቁጥር ይመዘግባል። ቁጥሩ ሲያሻቅብ ካሴቱ እያረጀ ነው፣ አለዚያም የማሽኑ ማንበቢያ ቆሽሿል ማለት ነው። ባልደረባዬ ደግሞ ማንበቢያውን ዓመቱን ሙሉ ጠርጎት አያውቅም። ትኩሳቱ ስለ ጨመረ የተሸለመ በሽተኛ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዕድሜ ለእርስዎ።

2ኛ. እኔ ማንበቢያውን በየሳምንቱ አጸዳለሁ፤ እያንዳንዱን ካሴት ጽፌ ስጨርስ መልሼ አነበዋለሁ። በዚህ ጥፋቴ ሪፖርቴ ላይ አሥራ አንድ ስህተት ብቻ ተመዘገበ፤ እርስዎም የሥራ ተነሳሽነት ይጎድላታል ብለው ጻፉልኝ። ደግ ደጉን ያሰማዎት።

3ኛ. እሱ ባለ ጎማ ወንበር አለው።

4ኛ. የወረቀቱ መዝገብ በእርስዎ ትእዛዝ ተቃጥሏል። የከተማው ልደት ያለው በካሴቶቻችን ላይ ብቻ ነው። ስህተቱ ከልክ ሲያልፍ ማሽኑም ያቅተዋል፤ ያኔ ልጇን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ የመጣች እናት ምን ልንላት ነው? ሳይጠፉ የእሱን ካሴቶች ወደ አዲስ ልገልብጣቸው ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ የተሸላሚ ሥራ አይነካም ተባልኩ። ሽልማቱ ይቅርብኝ። አይ፣ ምን አስዋሸኝ፣ እፈልገዋለሁ! ብቻ አስቀድመው ካሴቶቹን ይስጡኝ።

ስለ ታላቅ አስተዋይነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ተነሳሽነት የጎደላት ታዛዥዎ፣
የካሴት ክፍል ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ያለ ፈቃድ፣ የእርስዎ ልደት የተመዘገበበትን ካሴት ከሦስተኛ ፎቅ አውርጄ ሞከርኩት። ማሽኑ ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ እየጠነጠነ ታገለና ተወው። በመዝገባችን መሠረት እርስዎ እስከ ዛሬ አልተወለዱም፤ ለጡረታዎ ማስረጃ ሲመጡ እባክዎ ሁለት ምስክሮችና እናትዎን ይዘው ይምጡ።