ያልሰጠሁት ስም

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ወርቅአገኘሁ ወልደ ሰንበት፣
አሰብ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? ያ የወገብዎ ሕመምስ ተሻለዎት ወይስ ሸክም ሲያነሱ አሁንም ይይዝዎታል? እትዬ ማሚቱና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ በአምላክ ቸርነት አለን። አባባም ጉልበቴን እያሉም ቢሆን ከነአኩቶ ለአብ ቅዳሴ አልቀሩም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላኩት እንዳይከፈት ፈርቼ ነው፤ ሾፌሩ አብዱልሀሚድ በእጅዎ ያደርስልዎታል። ታሪክ ከማስተማር ታግጃለሁ። ሰው አጋንኖ ሳይነግርዎት ከእኔው ይስሙት።

በሚያዝያ ለአሥረኛ ክፍል ዘመነ አብርሆትን አስተማርኩ። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በአውሮፓ የነበሩ አሳቢዎች፣ ሰው በእምነቱ አይገደድ፣ ንጉሥም ካህንም የሚለውን በራሱ አእምሮ ይመርምር ማለታቸውን አስረዳሁ። ገበሬ ያመረተውን በፈለገው ገበያ ይሽጥ ያሉም ነበሩባቸው። ይህን ስል ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ተማሪ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ባለትዳር፣ እጁን አነሣና «ታዲያ እኛ ገብሳችንን ወደ ፍላቂት ገበያ ስንወስድ ኬላ ላይ ለምን ይይዙናል?» አለኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እነሱም የጠየቁት እንዲህ ያለውን ነው» አልኩት።

ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም፤ በሦስተኛው ቀን ከአውራጃ የመጣ ካድሬ አስጠራኝ። «ፈላስፎቹ ሃይማኖትን አፈረሱ ብለሽ አስተምሪ ስንልሽ የነጋዴ ነገር ታወሪያለሽ» አለ። የካዱም የሚያምኑም ነበሩ፣ ያስተማርኩት መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። «የጠየቀሽን ሰው ስም ጻፊ፣ ግለ ሂስ አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ክፍልሽ ተመለሺ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።

ቤት ስገባ አባባ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ይህን ትምህርት ከጥንቱም አልወደዱትም። «እነዚያ ሰዎች በክርስቶስ ያምናሉ?» አሉኝ። «አንዳንዶቹ አያምኑም አባባ» አልኳቸው። ቅር አላቸው። ቢሆንም «እኔም ቅኔ ቤት መምህሬን እየጠየቅሁ ነው የተማርኩት። የጠየቀን አሳልፎ መስጠትማ የይሁዳ ሥራ ነው። አትጻፊ» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

በማግስቱ ወረቀቱን ባዶውን ለካድሬው መለስኩለት። «ክፍሌ ውስጥ ለተጠየቀው ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አልኩት። ከተማሪዎቹም የጠያቂውን ስም አንድ እንኳ ትንፍሽ ያለ የለም። ያ ተማሪ ትምህርቱን ቀጥሏል፤ ስሙን ለእርስዎም አልጽፍም።

እኔን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መደቡኝ። ከጥዱ ጫካ በታች ሠላሳ ሁለት ገበሬዎችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ግን ወንድም ጋሼ፣ ወደ ክፍሏ ይመልሷት ብለው የማንንም ደጅ እንዳይጠኑ። ትናንት ዘነቡ የሚባሉ እናት ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉና ትክ ብለው አዩት። «ከእንግዲህ ጣትሽን ቀለም ንከሪና ፈርሚ ቢሉኝ፣ ምን እንደሚል መጀመሪያ አነበዋለሁ» አሉ። እኔ ከዚህ ሥራ የትም አልሄድም።

እትዬ ማሚቱን ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። ለውባንተ እግዜር ያሳድግህ፣ ለትንሿ አለሜ አክስትሽን ናፍቀሻታል በሉልኝ። አባባ በመስቀላቸው ባርከውዎታል።

እህትዎ አመተ ጊዮርጊስ
ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላስታ
ሰኔ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.