የመኪናው ሰርቪስ ነገር

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ደረጃው ከበደኝ ብለው ነበርና ደረጃ በወጣሁ ቁጥር እርስዎን አስባለሁ። ባለቤትዎና ልጆቹ ሰላም ናቸው? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህናም አይደለን፣ ክፉም አይደለን። እንበላለን፣ እንሠራለን፣ እንተኛለን። እናታችን ተመስገን ጤና ናቸው፤ ሊያጽናና የሚመጣው ሰው አሁንም አልቀነሰም፣ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ቀኑ ይመሽላቸዋል።

«ከመምጣቴ በፊት መኪናውን ሰርቪስ አስደርጉና በእሱ ተቀበሉኝ» ብለው በላኩብን መሠረት ጋራዥ ወስደነዋል። የመኪናውን ነገር እንዲህ በዝርዝር የምጽፍልዎ ግን ስለ መኪናው ብቻ አይደለም። እዚያ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ። ነገሩ እናታችን ጆሮ ከደረሰ ሁለተኛ ቀብር ይሆንብናል። በስልክ እንዳልነግርዎ ደግሞ ስልኬ ሲጮህ ከእኔ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት፤ ሲጨርሱም ይቅደዱት።

ፒክአፑ እንደሚያውቁት አዲስ ነው። ወንድምዎ ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የሠራነውን በርና መስኮት ደንበኛ ቤት ያደርስልናል ብሎ ገዛው። አሮጌው ዝም ብሎ ነበር የሚበላሸው፤ ይሄኛው አፍ አለው። ቀበቶ እሰሩ ይላል፣ በር አልተዘጋም ይላል፣ ጎማ ጎድሏል ይላል። ወንድምዎ «ሁለተኛ ሚስት አገባሁ፣ ይህቺ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ትብሳለች» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቢሆንም መብራቱን አያምነውም። ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሳ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱንና ውኃውን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቁርሱን ይበላል። በሱሪው ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም አልልዎትም።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ጠዋት በር ጭኜ ስወጣ የዘይት ሥዕል ያለበት መብራት ፊት ለፊቴ በራ። ዘይት ጎደለው ብዬ አንድ ሊትር ገዛሁና ጨመርኩ። መብራቱ አልጠፋም። ሌላ ጊዜ ደግሜ ጨመርኩ። ለታናሹ ወንድምዎ አልነገርኩትም። እሱ ጭንቅላቱ አንገቱ ላይ ባይገጠም እሱንም የሚረሳ ሰው ነው፣ ለእሱ ከመንገር ራሴ ሠርቼው ልረፍ አልኩ።

ከዚያ መኪናው ሰነፈ። ዳገት ላይ ያቃስታል፣ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ የቆመበት መሬት ላይ ዘይት ያንጠባጥባል። ሲያንጠባጥብ ደግሞ ይኸው እየፈሰሰ ነው፣ ጎድሎበት ነው ብዬ አሁንም ጨመርኩበት።

የእርስዎ መልእክት ሲደርሰን ከታናሹ ጋር ሆነን ወሰድነው። መካኒኩን ሰው ሁሉ በቅጽል ስሙ «ቀስ በሉ» ነው የሚለው፤ እሱ ራሱ ከዚህ ቃል ውጭ ሌላ ቋንቋ ያለው አይመስልም። ፍሬኑን አየ፣ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ አራገፈ፣ ባትሪውን ለካ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተው፤ አወጣው፣ አየው፣ እኛን አየን። ማነው የሚያበላው ብሎ ጠየቀ። አልገባንም። ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ሲፈታው ዘይቱ ወረደ፣ ወረደ፤ የቀረበው ሳህን ሞልቶ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ቀዳዳውን በእጁ ነበር የያዘው።

ይሄ መኪና ሊሞት የነበረው ተርቦ አይደለም፣ ጠግቦ ነው አለን። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ ውስጥ አረፋ ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ የሞተሩን ማሸጊያ ጎማ ገፍቶ ይወጣል አለ። ያ መብራት ደግሞ ዘይት አነሰኝ ማለቱ አልነበረም። የዘይት መለወጫዬ ጊዜ ደርሷል፣ ውሰዱኝ ማለቱ ነው። አሮጌው ዘይት ወጥቶ አዲስ ተሞልቶ፣ እሱ በኮምፒውተሩ እስኪያጠፋው ድረስ በርሜል ቢገለብጡበትም አይጠፋም። መለኪያውን አላያችሁም ወይ ሲለን፣ መብራት እያለ ምን እናያለን አልነው።

እኔ የጨመርኩትን ተናገርኩ። ታናሹ ወደ መሬት አየና እሱም ይጨምር እንደነበር ተናገረ፤ አንቺ የሞተር ነገር አታውቂም ብዬ ነው አለኝ። ዘይቱ ግን የሁለታችንም ተደምሮ ያን ያህል አይሆንም። ለነገሩ ብለን ወደ ቤት ደወልን። እናታችን፣ ኮፈን በየት እንደሚከፈት የማያውቁት እናታችን፣ እሳቸውም ጎረቤታችንን ጡረተኛውን ሹፌር ለምነው ሲያስጨምሩ ከርመዋል! እናንተ ሐዘን ላይ ናችሁ፣ የልጄ መኪና ጾሙን አይደር ብዬ ነው አሉን።

«ቀስ በሉ» ሳቀ፣ ታናሹ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሰውዬው እጁን እየጠረገ፣ ሦስታችሁም ሌላው የረሳ መስሏችሁ ነው አይደል፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ባለቤት የሌለው መኪና በጥማት ይሞታል፣ የሚወደድ መኪና ደግሞ በዚህ ይሞታል አለ። እኔ ሳቄን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው።

እትዬ፣ ወንድምዎን ሊያስታምሙ መጥተው የተመለሱበትን ቀን ያስታውሱታል? ወጥ ቤት ገብተው እጄን ያዙኝ። የደም ግፊቱ ክኒን በቀን አንድ ናት፣ እንዳትረሺ፣ በሌላ ሰው አትመኝ፣ አደራ አሉኝ። እንዳይቋረጥበት ብለው ከዚያ ከርስዎ ዘንድ ያመጡትን አንድ ፓኮም እጄ ውስጥ ጨመሩልኝ። እኔም አደራዎን አልበላሁም። ምሳውን ካበላሁት በኋላ እሰጠው ነበር።

ከጋራዥ ስንመለስ ታናሹ ነበር የሚነዳው። አንተም ክኒን ትሰጠው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንዴታ አለኝ፣ እትዬ በር ላይ ጠርታ አንድ ፓኮ ሰጥታኝ፣ በአንተ ነው የምተማመነው ብላኝ፣ ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት አንድ ቀን ሳልረሳ አለኝ። ኩራት ነበረበት። ሳይጨርሰው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ከዚያ መንገድ ዳር ወጥቶ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋውም። መኪናው እንደ አዲስ ነበር የሚሠራው፤ ፊት ለፊታችን አንድም የበራ መብራት አልነበረም። ከኋላ ሰው ጥሩንባ ሲነፋብን ተነሳንና ወደ ቤት ሄድን።

እናታችንን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚናገሩትን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይነሳ፣ ክኒኑን ለብ ባለ ውኃ አስውጠው ነበር፣ ልጄ አደራ ብላኝ፣ አንድ ቀን አላስተጓጎልኩበትም ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ወገባቸው ይቀናል። ከልጃቸው የቀራቸው ይኸው ነው። ሌላ ምንም የላቸውም።

ሲደክም፣ እጁ ሲቀዘቅዝ፣ ቀና ስናደርገው ዓይኑ ሲዞር፣ በሽታው በረታ አልን። በሽታው ሲበረታ እኛም በረታን። አፉ ከተያዘ በኋላ በዓይኑ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ እሱንም ሁላችንም እንደመሰለን ነበር የምንተረጉመው። መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጥርሱን ግጥም ያደርግ ነበር። ጠዋት እንደዋጠ፣ ማታም ሌላ እንደሚጠብቀው በምን አፉ ይንገረኝ? እኔ እምቢተኛ ሆነ ብዬ ተቆጣሁት። እንደ ልጅ አታስቸግረኝ አልኩት። ከንፈሩን በጣቴ ከፍቼ ከተትኩለት። ዋጠልኝ።

ይህን ስጽፍ አላለቅስም። ለምን እንደማላለቅስ አላውቅም። ሰውነቴ የሌላ ሰው ይመስለኛል፤ እጄን ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትቼ እንኳ ሙቀቱ ቆይቶ ነው የሚሰማኝ። ሐኪሙን ብጠይቀው ምናልባት የገደለው በሽታው ነው ይለኝ ይሆናል። አልጠየቅሁትም፣ አልጠይቀውምም። እርስዎን ለመውቀስም አይደለም፤ አደራ ማለት መውደድ ነው፣ እኔም በርስዎ ቦታ ብሆን ለሁሉም እል ነበር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ባለፈው በስልክ «እኔማ ለሦስታችሁም ለየብቻ አደራ ብዬ ነበር» ሲሉ ያኔ እኔም ልብ አላልኩትም፣ እናታችን ደግሞ ደጅ ወጥተው ስለነበር አልሰሙም። ሲመጡ ያቺን ቃል እንዳያወጧት። እንግዳ ፊትም፣ በጨዋታም፣ በለቅሶ መካከልም ቢሆን። እናታችን ቢያረጁም ሒሳብ አይጠፋባቸውም። «እኔ ብቻ ነበርኩ የምሰጠው» ሲሉም አዎን ይበሏቸው።

አውቶቡስ ተራ የሚቀበልዎ ታናሹ ነው። ከስቷል፣ አይደንግጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚተኛው ሥራ ቤቱ ውስጥ ሳንቃ ላይ ነው፤ ለእናታችን ሌባ እጠብቃለሁ ብሏቸዋል። መንገድ ላይ ምንም አይጠይቁት። ዝም ካለ እርስዎም ዝም ይበሉ፤ ከፈለገ ራሱ ይጀምራል። የመኪናው ፍሬን ሸራ ተቀይሯል፣ ጎማውም የፊቱ ወደ ኋላ ዞሯል፣ ስለ መንገዱ አያስቡ።

እናታችን ከጋራዥ ስንመለስ በር ላይ ቆመው መኪናው ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ዘይት አንሶት ነው አልኳቸው። ደረታቸውን መቱ። ወይኔ፣ ምነው ያን ጊዜ ትንሽ አብዝቼ ባስጨመርኩ አሉ። የለም፣ እስካሁን ያቆየው እርስዎ የጨመሩት ነው አልኳቸው። እርስዎንም ይጠይቁዎታል፤ እንዲሁ ይበሏቸው።

ጉልበትዎን ፈጣሪ ያጽናልዎ። መንገዱን አቅንቶ፣ በሰላም አግብቶ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ልጆቹን ይሳሙልኝ።

የወንድምዎ ሚስት