ቅዳሜ የገባችው መኪና

ኖቬምበር 27፣ ከቤት

ልጄ ዮሺአኪ፣

እዚህ የተራራው አናት ነጭ ሆኗል፤ ኦሳካ ገና አልበረደም ይሆናል። ትናንት በስልክ «አዲሷ መኪና እንዴት ናት?» ስትለኝ «ጥሩ ናት» ያልኩህ አባትህ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ደህና አይደለንም። ስለ አባትህ ፈርቻለሁ። አሁን ገላውን እየታጠበ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ልጻፍልህ።

መኪናዋን ስንመርጥ የነበረውን ጭቅጭቅ ታስታውሳለህ። ርካሿ ዘጠኝ መቶ ሺህ የን ናት፣ መስኮቷ በእጅ የሚዞር። መሃለኛዋ በሁለት መቶ ሺህ ትበልጣለች፤ ሰው ተሳስቶ በፍሬን ፋንታ ነዳጅ ቢረግጥ ራሷ ፍሬን ይዛ ትቆማለች። ውዷ ደግሞ ወንበሯ ይሞቃል፣ ጎማዋ ያብለጨልጫል፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል? አባትህ እንደ ልማዱ ርካሿ ላይ ሙጭጭ አለ።

«መስኮት ለማዞር እጄ አልደረቀም!»

«እኔን ያሳሰበኝ እጅህ አይደለም፣ እግርህ ነው» አልኩት። ሻጩ ሳቁን ዋጠ። አንተም በስልክ ስትቆጣው መሃለኛዋን እሺ አለ። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ሻጩ መኪናዋ ደርሳለች ብሎ ደወለ። አባትህ ግን ወጥ ቤት የተሰቀለውን፣ መልካምና ክፉ ቀን የሚለየውን የቀን መቁጠሪያ አይቶ «ዛሬ ክፉ ቀን ነው። አዲስ መኪና በክፉ ቀን ደጄን አትረግጥም፤ ቅዳሜ መልካም ቀን ነው፣ ያኔ አምጣት» አለው። ሻጩንም አልገረመው። እዚህ አገር ማን በክፉ ቀን መኪና ይረከባል? እኔም አልተቃወምኩም።

ሐሙስ በአሮጌዋ መኪና ለማሞቂያ ላምባ ሊቀዳ ወደ ከተማ ወረደ። ለጎረቤታችን ለኪኑዮም ጀሪካኗን ሞልቶላት ነበር። እሷ ደጇ ላይ ቆማ ለክረምት የምታደርቀውን ፍሬ በገመድ ታንጠለጥል ነበር። አባትህ ሲመለስ ጀሪካኗን ሊያደርስላት ደጇ ላይ ሊያቆም ብሎ፣ ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጁን ረገጠ። አንተን አዝላ ያሳደገችህ ኪኑዮ እዚያው ሞተች። ይህን በስልክ ልነግርህ አፌ አልታዘዘልኝም።

ቅዳሜ ለቀብሯ ጥቁር ለብሰን ልንወጣ ስንል፣ ወሬውን ያልሰማው ሻጭ መኪናዋን ይዞ ከች አለ። አበባ ታቅፏል። «አባባ፣ እንዳሉት በመልካሙ ቀን አመጣሁልዎ፤ እንኳን ደስ አለዎት!» አለ። አባትህ ጎንበስ ብሎ አበባውን ተቀበለው። ምን ያድርግ?

መንጃ ፈቃዱን ለፖሊስ አስረክቧል። ሆኖም በየጠዋቱ አዲሷ መኪና ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። «ይቺ ብትሆን ትይዘው ነበር» ይለኛል፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ። ቁልፉን ሲጠይቀኝ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ እለዋለሁ። ትራሴ ስር ነው ያለው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ «እስቲ እይልኝ፣ የሚቀጥለው መልካም ቀን መቼ ነው?» አለኝ።

«ለምኑ?» አልኩት። እጁን ለቁልፉ ዘረጋ። የቀን መቁጠሪያውን አውርጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ከመታጠቢያው ወጣ መሰለኝ። ልጄ፣ ጤናህን ጠብቅ። መጥተህ መኪናዋን ውሰድልን። ቀን አትምረጥ፤ ባገኘኸው ባቡር ና።

እናትህ ሃትሱኤ