የእትዬ እንደገና የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እትዬ እንደገና እያልን የምንጠራቸው መምህርት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በአባታቸው መስፊያ ቤት፣ በክርና በቁራጭ ጨርቅ መካከል ነው። አባታቸው የተጣመመ ስፌት ካዩ፣ የራሳቸውም ቢሆን፣ "እንደገና" ብለው ይፈቱት ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። በተመደቡበት ትምህርት ቤት፣ እግሮቿ የማይታዘዙላትን አንዲት ልጅ ርእሰ መምህሩ "ለእሷ ቤት ይሻላታል" ብለው ከበር ሲመልሷት አዩ። በዚያው ሳምንት ዝውውር ጠየቁ። በ1966 ዓ.ም. የአካል እንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸው ልጆች እየታከሙ ወደሚማሩበት ማዕከል ገብተው አርባ ዓመት አስተማሩ።

"ደግ ነዎት" ሲባሉ ይቆጡ ነበር። "ደግነት ለጎረቤት ነው፤ እኔ አስተማሪ ነኝ" ይሉ ነበር። እርሳስ ለማይጨብጥ ጣት እርሳሱን በጎማ ቱቦ ያወፍራሉ፤ ለሚንቀጠቀጥ ክንድ አሸዋ የሞላ ከረጢት ያስደግፋሉ፤ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ጋር በፕላስተር ያጣብቃሉ። ፊደሉ ከተጣመመ ግን ምሕረት የለም፤ እንደገና ነው።

በ1968 ዓ.ም. የማዕከሉን በር ሊጠግኑ የመጡትን አናጢ፣ ተማሪው ደረቱን አስጠግቶ እንዲቀመጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ በግማሽ ክብ እንዲቆርጡ አዘዟቸው። አናጢው "ደህና ጠረጴዛ አበላሽ ተብዬ ስታዘዝ የመጀመሪያዬ ነው" እያሉ ሃያ ሁለት ቆረጡ። ሃያ ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ተጋቡ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

እርሳቸው ይቅር ያላሉትን ነገር እኛም በቀብራቸው ቀን አንሸፋፍንም። በ2003 ዓ.ም. ከተማሪዎቻቸው አንዷ ለመልቀቂያ ፈተና ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ሩብ ሰዓት ያህል ከጻፈ በኋላ ይኮማተርና አልዘረጋ ይላል። እትዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ግራዋን አሠልጥነውላት ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይረከባል። የቀኟ ጽሑፍ ደቃቅና ቀጥ ያለ፣ የግራዋ ትልቅና ያጋደለ ነው። ፈተናውንም እጆቿን እያቀባበለች ጻፈች። ከፈተና ቢሮው የመጣው መልስ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ በመልስ ወረቀቱ ላይ የሁለት ሰው እጅ ጽሑፍ ስለተገኘ ውጤቱ ተሰርዟል።

ልጅቷን ይዘው ሄዱ። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ልጅቷ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ እንዳለች፣ ግቢው በር ላይ፣ በሁለቱም እጆቿ ጻፈች። እትዬ ወረቀቱን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ኃላፊው "ኮሚቴው የሚያየው ወረቀት እንጂ ሰው አይደለም" አሏቸው። ወርደው እንዲያዩ ቢለምኗቸው ስብሰባ አለብኝ አሉ። ስትጽፍ ቆሞ ያያት የበር ጥበቃ ግን "እትዬ፣ እኔ ዐይን አለኝ፤ ማኅተም ነው የሌለኝ" አላቸው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቢሮ ብቸኛ ኃላፊ እሱ ነው ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ውጤቷ እንዲመለስ ለቢሮው ማመልከቻ ማስገባቱን አልተዉም። ያቺ ልጅ ዛሬ በእርሳቸው ክፍል ታስተምራለች። የምስክር ወረቀት ስለሌላት በመዝገብ ላይ "ረዳት" ነች። ማንን እንደምትረዳ የሚነግረን አላገኘንም፤ በክፍሉ ውስጥ ሌላ መምህር የለም።

በ2015 ዓ.ም. ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘው። ተማሪያቸው ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ግራ እጃቸውን ታለማምዳቸው ጀመር። ሲጣመምባቸው "እንደገና" ትላቸዋለች፤ ይቆጣሉ፤ ይጽፋሉ። አሥራ አራተኛውን ማመልከቻ በግራ እጃቸው ፈረሙ። ፊርማው ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር አይመሳሰልም ተብሎ ተመለሰ። ከታመሙ ወዲህ ከልባቸው የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ "ይኸው፣ እኔም ሁለት ሰው ሆንኩላቸው!" አሉ። በማግስቱ አሥራ አምስተኛውን ጀመሩ። ሳይጨርሱት የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው አናጢው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው፣ ያስተማሯቸውም ሁሉ ሐዘንተኞች ነን። ትናንት ከፈተና ቢሮው "ለትምህርት ባለውለታ" የሚል ማኅተም የተመታበት ጽሑፍ ያለው የአበባ ጉንጉን መጥቷል። አበባው ከበር ውጭ ነው። እኛ የምንቀበለው ውጤቱን ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ በንጹሕ የገለበጠችው ያቺ ተማሪያቸው ናት። ከልደታቸው እስከ ጋብቻቸው በቀኟ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን በግራዋ ነው። የእጅ ጽሑፉ ከአስከሬኑ አጠገብ፣ ጠርዙ በተቆረጠው ጠረጴዛ ላይ፣ ካልተጨረሰው ማመልከቻ ጋር ተቀምጧል። ከቢሮው የመጣችሁ ካላችሁ ቀርባችሁ እዩ፤ እዚህ ደረጃ የለም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ የተጣመመው እስኪቃና ድረስ ግን እኛን አያሳርፈን።