ስላልተወለዱት ሁለት ጌሞች የተደረገ ሽምግልና

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሽታዬ ነጋ፤ ዱባይ።

እትዬ፣ ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የሚያምሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? ሙቀቱስ? የአሠሪሽስ ፀባይ? አብራሽ የምትኖረው ሜላትስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰውም ከብቱም ደህና ነው። ደህና ያልነበርነው እኔና ወንድምሽ እንየው ብቻ ነን፤ እሱም አልፏል። እንዴት እንዳለፈ ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ ቁም ነገሩ ላይ ስደርስ ይቋረጣል፤ ጉዳዩም በወረቀት ሊሰፍር የሚገባው ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው ካንቺ ነው፤ እንዳትቆጪኝ። በጥር ጊዮርጊስ ማግስት፣ የፈረሱ በዓል አቧራ ከልብሳችን ሳይራገፍ ደውለሽ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በእጅ ይዘው የሚጫወቱባቸው አዳዲስ ጌሞች ሊወጡ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ለጌም ቤታችሁ አንዱን ይዤላችሁ እመጣለሁ፣ የትኛውን እንደሆነ ተስማምታችሁ ንገሩኝ አልሽ። «አንዱን» ማለትሽ ደግ ነበር። «ተስማምታችሁ» ያልሽው ነው ያጫረሰን።

ሁለቱም ገና ገበያ ላይ አልዋሉም። አንደኛው ኒንቴንዶ የሚባል ኩባንያ የሚሠራው ነው፤ በቅርቡ ይወጣል፣ ምስሉም ያለ መነጽር እንደ ጉድጓድ ጠልቆ ይታያል ተብሏል። ሁለተኛው የሶኒ ነው፤ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ በሁለት አውራ ጣት ይነዳል ይላሉ። ግን የሚወጣው በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ሲሆን ትክክለኛ ስም እንኳ አልወጣለትም፤ ክርስትና ያልተነሳ ነገር ነው። እኔ ለኒንቴንዶው ቆምኩ፤ እንየው ላልተጠመቀው ቆመ። ከኢንተርኔት ቤት ሥዕላቸውን አሳትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በሳምንቱ ጌም ቤታችን ሁለት ሃይማኖት ሆነ። ከደንበኞቻችን በመስኮት በኩል የሚቆሙት የእኔ ናቸው፣ በበር በኩል ያሉት የእሱ። «የእናንተ የሕፃን ማባበያ ነው» ይሉናል፤ «የእናንተ ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ነው» እንላቸዋለን። ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ቤቱን በመጋረጃ ለሁለት ልንከፍለው ገመድ ገዝተን ነበር። ያዘገየን ቴሌቪዥኑ አንድ መሆኑ ነው።

በዚህ መሐል የዳንግላው ጌም ቤት ባለቤት ደርበው ለፋሲካ እንጅባራ ላይ፣ እኛው ፊት ለፊት፣ ቅርንጫፍ እከፍታለሁ ብሎ ያስወራ ጀመር። እንዲያውም ሰላይነቱን ሳይደብቅ መጥቶ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ጠየቀን። እኔ በሙሉ ልቤ ለእኔው መሰከርኩ፤ እንየው በሙሉ ልቡ ለእሱው መሰከረ። ደርበው ሁለታችንንም አምኖ ሄደ።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። እንየው ድምፁን አለስልሶ፣ የእሱ ጌም እስኪወጣ ሽታዬ መምጫዋን ለከርሞው ጥምቀት ብታደርገው ምን ይላታል አለ። እማዬ የጠቀለለችውን እንጀራ ሳትጎርሰው መልሳ አስቀመጠችው። አባዬ እጃቸውን ታጠቡና ነገ ከቅዳሴ መልስ እንቀመጣለን አሉ።

መቼም አባዬን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከአዲስ ቅዳም እስከ አዘና ፈረስ የሚገዛ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ባልንጀራቸውን አያ እንግዳውን አስጠርተው ሁለቱን ሥዕሎች ሣሩ ላይ አስተኙና በዱላቸው ጫፍ እየነኩ ይመረምሯቸው ጀመር። ዕድሜያቸው ስንት ነው አሉ። ገና አልተወለዱም አልን። «ጥርስ ማየት የለማ» አሉ አያ እንግዳው አዝነው። እናቶቻቸውስ አሉ አባዬ። የእንየው ጌም እናት ያቺ የመምህር ዓለምነው ልጅ ለሰው የማያሳያት የቀድሞዋ የሶኒ ጌም ናት፤ የእኔኛዋን ግን እዚህ አገር ያያት የለም አልኩ። ሳይበሉ ስንት ሰዓት ይሄዳሉ አሉ። የእኔን ሠሪዎቹ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብለዋል አልኩ። እንየው የእሱ ገና አልተነገረም አለ። አያ እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ብዙ አልቆየም።

«አንዱ ሲጫወትበት ሌላው ከየት ሆኖ ያያል?» አሉ አባዬ። ስክሪኑ መዳፍ ያህላል፣ ጠልቆ የሚታየውም ፊት ለፊት ለያዘው ብቻ ነው፣ ከጎን ላለ ሰው ግን እያልኩ ሳስረዳ ድምፄ እያነሰ ሄደ። ወደ እንየው ዞረው ያንተስ አሉት። ያው ነው አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እትዬ፣ ጌም ቤታችንን ታውቂዋለሽ። የምንኖረው በተቀመጡት ሁለት ተጫዋቾች አይደለም፤ ከኋላቸው በቆሙት ሃያዎች ነው። «ተነሥ አንተ፣ ጣትህ ያነክሳል» እያለ ሲሳደብ የቆየው ነው ቀጥሎ ከፍሎ የሚቀመጠው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ይህ ለአንዳችንም አልታየንም። አባዬ ግን «ሜዳው ባዶ ከሆነ እኔ ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሴን አልጭንም። አንድ ሰው ብቻ ለሚያየው ነገር ነው ልጄን አንድ ዓመት የምታስቀሯት?» አሉ። የቀረውን በአዊኛ ጨረሱት፤ ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል ወረቀቱ አይችለውም።

ፍርዱ ይህ ነው። ሥዕሎቹ ወደ ግድግዳ አይመለሱ፤ ገመዱን እማዬ ለልብስ ማስጫ ትውሰደው፤ ፈረስ የሚያስማማ ሰው የፈረሱን ነውር ሳይናገር አያስማማምና ደርበው ዘንድ ሄደን እውነቱን እንንገረው። በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ወርደን አንዲት ሳናስቀር ነገርነው። ደርበው ከዳር እስከ ዳር አዳምጦ ሳቀ። «እናንተ ሁለታችሁ በአንድ ነገር ከተስማማችሁ ተንኮል አለበት» አለና እዚያው ፊታችን ደውሎ ሁለቱንም እንዲያመጡለት አዘዘ። እኛ የታዘዝነውን አድርሰናል። ፊት ለፊታችንም ይክፈት፤ ሃያው ሰው የተጫዋቹን ጀርባ ሲያይ ውሎ የት እንደሚመጣ እናውቃለን።

ስለዚህ ሁለቱም ይቅሩ። ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ሁለት ጆይስቲክ ብትወሽቂልን አንጠላም፤ ካልተረፈም ያሉትን በፕላስተር እያሰርን እንዘልቃለን።

እማዬ ደረቷ ላይ አድርጋ ትስምሻለች፤ ለሜላትም በርበሬ እልካለሁ ብላለች። አባዬ ጉልበትሽን በጨው ውኃ እሺው ይሉሻል፤ ለፈረስ ይሠራል፣ ለሰውም አያንስም ብለዋል። አያ እንግዳው ባሉበት ሰላም ይሉሻል። እንየው ሰላምታዬን ራሴ እጽፋለሁ ብሎ ብዕሩን ቀምቶኛል፤ ከዚህ በታች ያለው የእሱ ጽሕፈት ነው።

እትዬ፣ ያን ነገር አላልኩም። ለፋሲካ ነይ።

ወንድሞችሽ ፀጋው ነጋ እና እንየው ነጋ
እንጅባራ፣ የካቲት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.