ሁለተኛው መዝገብ

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይጮኻል? አዲሱን መነጽርህን ታደርገዋለህ ወይስ እንደ ድሮው ኪስህ ውስጥ ተኝቶ ይውላል? እማዬስ የግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ ዛሬ ደህና ነኝ እያለች ትዘላለች? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልህ እንደ ወትሮው ላለማስጨነቅ አይደለም፤ በእውነት ደህና ነኝ፣ ኮርቻለሁም። ለምን እንደኮራሁ ላውራህና ተቀመጥ።

ባለፈው ወር በምሠራበት ሆስፒታል፣ ረፋድ ላይ፣ የሁለተኛው ፎቅ ኔትወርክ ጥፍት አለ። የላቦራቶሪ ውጤት ለሐኪሞቹ አልደርስ ብሎ ነርሶቹ ወረቀት ይዘው አርባ ደቂቃ ሙሉ ደረጃ ለደረጃ ተሯሯጡ። እኔ በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ መሰላል ላይ ቆሜ ገመድ እዘረጋ ነበር። ወርጄ ስመጣ አለቃዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ይቺ ልጅ ነካክታ አበላሸችው አሉ። በማግስቱ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አዘጋጅተው ጠሩኝና፣ ፈርመሽ ተገላገዪ ልጄ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው አሉኝ። ያልሠራሁትን አልፈርምም አልኳቸው። ካልፈረምሽ የምትሰናበቺበትን ደብዳቤ እጽፋለሁ አሉ። ይጻፉ አልኳቸው። አንቱታቸውን ግን አልቀነስኩም፤ ያሳደግከኝ እንደዚያ ነውና።

አባዬ፣ ነገሩ እንዲገባህ የእኔን ሥራ በአንተ ሥራ ልንገርህ። በር ላይ ቆመህ የሚገባውንና የሚወጣውን በመዝገብ ትጽፍ አልነበር? ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው ስዊች የሚባለው ሣጥንም እንደዚያው ነው። ገመድ ተነቀለ፣ ሰው ገባ፣ ትዕዛዝ ተቀየረ፣ ሁሉንም ከነሰዓቱና ከነስሙ በየመስመሩ ይጽፋል። ለነገሩ ክብደትም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዜሮ ማለት ቤቱ እየተቃጠለ ነው ድረሱ ነው፣ ሰባት ደግሞ የሥራ ፈት ወሬ። ችግሩ፣ የሚጽፈው በራሱ ጠባብ ማስታወሻ ላይ ነው። ሲሞላ አዲሱ መስመር አሮጌውን ይገፋዋል፤ መብራት ሲቋረጥበት ደግሞ ሁሉም እንዳልነበር ይሆናል።

አለቃዬ ይህን ያውቃሉ። ያን ቀን ስዊቹን አጥፍተው ያበሩት እሳቸው ናቸው። ሲነሳ ኔትወርኩ ተመለሰ፤ ማስታወሻው ግን ባዶ ነበር።

አንድ ነገር ረስተዋል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ እያንዳንዱ ስዊች የሚጽፈውን መስመር ወዲያው ለሌላ እንዲልክ አዝዤ ነበር፤ ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ቤት ላስቀመጥኳት አሮጌ ኮምፒውተር። ሁላችንም በየራሳችን ስም እንድንገባ አደረግኩ። የስዊቾቹንም ሰዓት አንድ ላይ አስተካከልኩ፤ ሰዓታቸው የተለያየ ምስክሮች አይታመኑምና። ያኔ ሬዲዮ የምንለው ወሬኛ የሥራ ጓደኛዬ ሐሜተኛዋ ብሎ ስም አወጣላት። አለቃዬም ስቀው፣ ሴት ወሬ መሰብሰብ አይሰለቻትም አሉና ረሷት።

ነገሩ ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ደርሶ እፊታቸው በቀረብን ቀን ሐሜተኛዋን ከፈትኳት። የፈለግኩት አንዲት መስመር ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ልክ ኔትወርኩ በጠፋበት ደቂቃ፣ የሁለተኛው ፎቅ ስዊች ትዕዛዝ ተቀየረ፤ ስሙ የአለቃዬ፣ የተገባበት ኮምፒውተርም የእሳቸው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አለቃዬም፣ እንግዲህ ሰው ነን፣ እንሳሳታለን አሉ። እኔም እሳሳታለሁ፣ ግን በራሴ ስም ነው የምሳሳተው አልኳቸው። ዳይሬክተሯ ወረቀቱ ይሰረዝ አሉ። አልበቃኝም። ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ነውና የሚመለሰውም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ጠየቅኩ። ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃዬ ወለሉን እያዩ ተናገሩት። ዛሬም አለቃዬ ናቸው፤ ሰላምታቸው ግን ከጥርሳቸው አያልፍም። ሬዲዮ ደግሞ በዕቃ ቤቱ በር ባለፈ ቁጥር አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ እንዳትጽፈኝ እያለ።

ይህ ብልሃት ከትምህርት ቤት የመጣ እንዳይመስልህ። ትጠብቀው የነበረው መጋዘን ሥራ አስኪያጅ የመጋዘኑን የውሃ ፓምፕ በራሱ መኪና ሲያስወጣ ሰሌዳውንና ሰዓቱን ጽፈህ ነበር። ገጹ ተቀደደ፤ ሌባ ተብለህ አንተ ተባረርክ። መዝገቡን ታቅፈህ ቤት የገባህበትን ቀን አልረሳውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትለን ነበር። ያንተ እውነት አሥራ አንድ ዓመት አደረ፣ አልጠራም። የጻፍከው ልክ ነበር፣ አባዬ፤ መዝገቡ ግን አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ እኔ ሁለት አደረግኩት።

ያቺን መስመር አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። መዝገብህን ከሣጥኑ አውጣና ከተቀደደው ገጽ ቦታ አስገባት። ያንተን ገጽ አትተካም፤ ቦታው ግን ባዶ አይደር።

እማዬን አገላብጠህ ሳምልኝ። ታላቅ ወንድሜን፣ ሚስቱንና መንትዮቹን ሰላም በልልኝ፤ መንትዮቹ ስልክህን እንዳይሰብሩት። አያቴን በግራ ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብለህ፣ ልጅሽ አልፈረመችም በላት። ይህ ሲደርስህ ደግሞ መልስ ጻፍልኝ። ስዊች መስመሩን ልኮ ደረሰ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ እኔ ግን እጠይቃለሁ።

የዘበኛው ልጅ

ከደረጃው ሥር ካለው ዕቃ ቤት
ኅዳር ፲፬ ቀን