የወይዘሮ ደጊቱ አድማሴ ሕይወትና የመጽሐፍ ሣጥናቸው

ወይዘሮ ደጊቱ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ደጉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋ አየነው በ1905 ዓ.ም. በፋግታ፣ ከአዲስ ቅዳም ከፍ ብሎ ባለ መንደር ተወለዱ። በዚያ ዘመን ፊደል ለወንድ ልጅ ነበርና ወንድማቸው አቶ ውቤ ወደ የኔታ ሲላኩ እርሳቸው ከቤት ቀሩ። ይሁን እንጂ ወንድማቸው ዳዊት ሲያጠኑ ከጎን ሆነው እያደመጡ መቶ ሃምሳውንም መዝሙር በቃላቸው ያዙ። ወንድማቸው ሲሳሳቱ የሚያርሙትም እርሳቸው ነበሩ። አቶ ውቤ ይህ ነገር ሲነሣ እስከ ዛሬ ደስ አይላቸውም።

በ1922 ዓ.ም. ከአቶ አበረ ወርቅአየሁ ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋብተው ያለምወርቅንና ሙሉነሽን ወለዱ። በ1935 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ዳንግላ መጣ። ባለቤታቸው በ1944 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጆቻቸውን ለማሳደግ በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤትና አራት አልጋ ከፈቱ። ወጣቸው የታወቀ ነበር ብለን ብንጽፍ እዚህ ከቆመው ለቀስተኛ አንድም የሚያምነን የለም፤ ጨው ያበዙ ነበር። ሰው የሚመጣው ለሌላ ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ክረምት ነው። መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ አንድ አውቶቡስ ሁለት ቀን ዳንግላ ቆመ። ከተሳፋሪዎቹ አንድ ቁጡ ሰው ከሹፌሩ ጋር ሊደባደቡ ሲሉ ወይዘሮ ደጊቱ አንድ እንግዳ ረስቶት የሄደውን መጽሐፍ ከሣጥን አውጥተው ሰጧቸው። ሰውየው ዝም አሉ፤ ምሳቸውም ቀዘቀዘ። በማግስቱ መንገዱ ሲከፈት መጽሐፉን ሊመልሱ ቢመጡ፣ ወይዘሮ ደጊቱ "እንዲያ ዝም ያሰኘዎት ምን ቢሆን ነው? እስቲ ያውሩኝ" አሏቸው። ሰውየውም በመጽሐፉ ያለውን የግድያ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወሩላቸው። አውቶቡሱ ሰው ሞልቶ ጠበቃቸው።

ከዚያ በኋላ ሹፌሮች ከአዲስ አበባ መጽሐፍ እንዲያመጡላቸው አደራ እያሉ፣ ልብ አንጠልጣዩም፣ የወንጀሉም፣ ወደ አማርኛ የተመለሰው የጥንት ልብ ወለድም በሣጥኑ ተከማቸ። የሚዋስ ሰው ግዴታው አንድ ብቻ ነበር፤ ሲመልስ ታሪኩን ጨርሶ መንገር። ፊደል ሳይቆጥሩ ስልሳ ሦስት መጽሐፍ ያወቁት በዚህ ነው። መጨረሻውን ላላነበበ ሰው መናገር ደግሞ በቤታቸው ክልክል ነበር። አንድ ባለሱቅ በምሳ ሰዓት የገዳዩ ስም ከአፋቸው አምልጧቸው ሁዳዴውን ሙሉ መጽሐፍ ተከለከሉ፤ ጾሙ ሁለት ሆነባቸው።

መጽሐፍ የሚሰጡት ሰውን አይተው ነበር። ያለ በደሉ የተከሰሰ ሰው ታሪክ በመሬት ለሚሟገቱ ሁለት የእንጅባራ ሰዎች በየተራ ቢሰጡ፣ ሁለቱም "ይህስ የእኔው ነው" አሉ። አንድ የፖሊስ አሥር አለቃ የወንጀሉን አንብበው፣ "ይህ መርማሪ ሪፖርት አይጽፍ፣ ለመንገድ በቅሎ አይለምን፣ ምን ዓይነት ፖሊስ ነው?" ብለው ተቆጥተው መለሱ፤ በማግስቱ ሌላ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። የነፍስ አባታቸው ቄስ አስማረ ያልተደረገን ነገር ማውራት ውሸት ነው ብለው ቢገሥጿቸው፣ "አባ፣ ውሸታም እውነት ነው ብሎ ይምላል። ይህ ግን ገና ከሽፋኑ ልብ ወለድ ነኝ ብሎ ይናዘዛል" አሏቸው። ቄስ አስማረ የወሰዱት ከሁሉም ወፍራሙን ነው።

በገበያ ቀን ከገጠር ለሚመጡ ሴቶች ታሪኩን በአገሩ ቋንቋ በአውኚ ይነግሯቸው ነበር። አንድ ጊዜ ባሏ የተገደለባትን ሴት ታሪክ ቢነግሯቸው፣ በሳምንቱ ከሰሚዎቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ ስሜነሽ ዘጠኝ ሴቶች አስከትለው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው "ለቅሶ ልንደርሳት ነው፤ ቤቷ ወዴት ነው?" ብለው መጡ። ወይዘሮ ደጊቱ አልሳቁባቸውም። በሟች ቤተሰብ ፈንታ ራሳቸው ተቀምጠው ለቅሶውን ተቀበሉ። እነዚያ ሴቶች ዛሬም አብረውን ቆመዋል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታላቸው ኖሯል። በ1957 ዓ.ም. አቶ ዋጋዬ የተባሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በተቆለፈ ወፍጮ ቤት ሞቶ ስለተገኘ ሀብታም የሚያወራ አዲስ መጽሐፍ ተውሰው፣ በየምሳው ያነበቡትን ያህል ይነግሯቸው ነበር። ጥርጣሬው በሚስቱ፣ በወንድሙና በሐኪሙ ላይ እንዳለ አቶ ዋጋዬ በድንገት ወደ ሩቅ አገር ተዛወሩ፤ መጽሐፉም በጓዛቸው ውስጥ አብሮ ሄደ። ወይዘሮ ደጊቱ ግምታቸውን ለልጃቸው ለያለምወርቅ ብቻ ነግረው አራት ዓመት ሙሉ በየአውቶቡሱ አስጠየቁ። "ሳላውቀው እንዳልሞት" ይሉ ነበር፤ ቀልድም አልነበረም።

በመስከረም 1961 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በሐኪምም በጠበልም ሲረዱ ቆዩ። በጥር ወር አቶ ዋጋዬ የወይዘሮ ደጊቱን መታመም ከአንድ ሹፌር ሰምተው መጽሐፉን ይዘው ሁለት ቀን ተጉዘው መጡ። ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ካቆሙበት ጀመሩ። ገዳዩ ሲታወቅ ወይዘሮ ደጊቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። "አራት ዓመት ሙሉ ሰው በሐሰት ስጠረጥር ኖሬአለሁ። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ለአባ ስጧቸው" አሉ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ቢበረታም ፊታቸው ላይ ቅሬታ አላየንም። የካቲት 11 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው በሰላም አረፉ።

ወይዘሮ ደጊቱ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ባረፉበት ዕለት ሣጥኑ ሲታይ ሰባት መጽሐፍ በሰው እጅ ነበር። መጽሐፉ በእጃቸው ያለ አንባብያን በአርባቸው ዕለት መጽሐፉንም ታሪኩንም ይዘው እንዲመጡ ቤተሰቡ ይጠይቃል፤ ወይዘሮ ያለምወርቅ በእናታቸው ወንበር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የወፍጮ ቤቱን ገዳይ ግን እዚህ አንጽፍም። ቄስ አስማረ ገና ግማሹ ላይ ናቸው።

ታሪካችንን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያውቅ እግዚአብሔር፣ ሰውን ሰምተው ያልጠገቡትን የእናታችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን። አሜን።